ከመምህሩ ደብተር፦ «ካሳ ይከፈላል» ስለሚባለው ወሬና ስለ እውነቱ

ክረምቱ ጭቃውንና ወባውን ይዞ መጥቷል፤ ፈጣሪ በደኅና ያሳልፍልን። ባለፈው ጊዜ በገባሁት ቃል መሠረት በዚህ ዕትም ስለ ሰሊጥ አጨዳ የቀን ሥራና ስለ ደመወዝ ውል ልጽፍ ነበር። አንድ ነገር መጥቶ አስቀየረኝ። የሰሊጡ ነገር ለሚቀጥለው ይቆየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በውኃ ወረፋው፣ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ አንድ ወሬ ይናፈሳል። «መንግሥት በወንጀል ለተጎዱ ሰዎች የገንዘብ ካሳ ሊከፍል ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይቀበላል» ይላል። ወሬ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ካምፕ ያለ ወሬ ውሎ አያድርም። ግን ከወሬው ጋር ፎርም መጣ። ፎርሙን የሚያዞሩት ሰዎች ለአንድ ቤተሰብ 10,000 የሱዳን ፓውንድ ያስከፍላሉ።

ከመተማ በኩል የመጡ አንዲት እናት ይህንኑ ፎርም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እኔ ዘንድ መጡ። «መምህር፣ እስቲ ልጄ ይቺን ሙላልኝ። ልጄን የገደሉትም፣ ሰሊጤን የጫኑትም ሁሉ እዚህ ላይ ይጻፋል አሉኝ» አሉ። ገንዘቡን ከየት አመጡት ብዬ ጠየቅኳቸው። የራሽን ዘይታቸውን ሸጠው ነው።

ወረቀቱን አየሁት። ማኅተም የለው፣ የመሥሪያ ቤት ስም የለው፣ ቀን የለው። ከላይ «የካሳ መጠየቂያ» ይላል፤ ከታች የስልክ ቁጥር አለ፤ ሌላ ምንም የለም። አስተማሪ ነኝና የፊደል ስሕተቱንም ሳላይ አላለፍኩም፤ በአንድ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ስለዚህ ሌላውን ሳልጀምር ይህን ላስቀድም፦ ይህ ወረቀት የማንም መንግሥት ወረቀት አይደለም። የዩኤንኤችሲአርም ሆነ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን አገልግሎት በነጻ ነው፤ ፎርምም አይሸጥም። የከፈላችሁ ካላችሁ ለካምፑ ኮሚቴና ለጥበቃ ክፍል ሠራተኞች ተናገሩ። ያልከፈላችሁ አትክፈሉ።

እኚያ እናት ግን በዚህ አልረኩም። «እሺ፣ ወረቀቱ ውሸት ይሁን። ታዲያ መንግሥት ለተበደለ ሰው ካሳ የሚከፍልበት አገር የለም ወይ? እንዲያው የለም?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አለ። በእኛም አገር ቢሆን የነገሩ ሥር ዛሬ የተተከለ አይደለም።

የዕድሜ ባለጸጎቻችን አውጫጭኝን፣ በሌላው አካባቢ አፈርሳታ የሚባለውን፣ ታስታውሱ ይሆናል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝና አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ወሬ ነጋሪ እስኪገኝ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ያለ እረኛ ይውላል። አጥፊው ካልወጣ የተሰበሰበው ሰው በጋራ አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል። አያቴ «ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ያልበላነውን በሬ ከፈልን» እያሉ ይስቁ ነበር። ንጹሑን ሰው ማስከፈል ፍርደ ገምድልነት አይደለም ወይ ብትሉኝ፣ ነው እላለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የተበደለው ሰው ሌባው እስኪያዝ ባዶ እጁን አይጠብቅም ነበር። አገሩን ያልጠበቀው ነው የሚከፍለው።

ኋላ ዘመናዊው ሕግ መጣ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ እሱን የተካው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በዚህ ጉዳይ የሚሉት ተመሳሳይ ነው። በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 101 መሠረት ተበዳዩ፣ እሱ ከሞተም መብቱ የሚተላለፍላቸው ሰዎች፣ የካሳ ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው ማቅረብ ይችላሉ። አንቀጽ 102 ደግሞ መንግሥት ውስጥ የሚገባበትን በር ይከፍታል። አጥፊው ካሳውን እንደማይከፍል ከታየና ተበዳዩ ችግረኛ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ፣ ከዋስትናው ገንዘብ፣ ወይም አጥፊው ለመንግሥት ከሚከፍለው መቀጮ ላይ ለተበዳዩ እንዲሰጠው ሊያዝ ይችላል። «ሊያዝ ይችላል» የምትለዋን ቃል ተማሪ ብትሆኑ አስምሩባት እላችሁ ነበር። «ያዛል» አይልም።

ሌላም ገደብ አለ። መቀጮ የሚኖረው የተቀጣ ሰው ሲኖር ነው። የተያዘ፣ የተከሰሰ፣ የተፈረደበት ሰው ከሌለ የሚወረስ ዕቃም የለም፣ የሚከፈል መቀጮም የለም፣ ስለዚህ ካሳም የለም። እዚህ ካምፕ ካለነው ውስጥ የበደለው ሰው ተይዞ የተፈረደበት ስንቱ ነው? እጃችሁን አውጡ ብል ክፍሉ ጸጥ የሚል ይመስለኛል።

የራሴን ላንሳ። በ2013 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአውቶቡስ አስወርደው ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ጫካ አስገቡን። ዘመዶቼ በሬና የእህል ዘር ሳይቀር ሸጠው 80,000 ብር ከፍለው አስለቀቁኝ። ከወጣሁ በኋላ ቃሌን ልስጥ ብዬ አንድ ቦታ ሄድኩ። የተረኛው መልስ «ነፍስህ መትረፏን አመስግን፣ ደግሞ ምን ብለን እንጻፈው?» የሚል ነበር። አመስግኜ ወጣሁ፤ ጊዜውም የሚያስከራክር አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ግን የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ቃሌ ስላልተጻፈ፣ በሕግ ዓይን ያ ሳምንት አልነበረም። እኔ ጫካ አልገባሁም፣ የወንድሜም በሬ አልተሸጠም።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኅሊና ጉዳት ካሳ፣ ማለትም ለሐዘን፣ ለልብ ስብራት የሚከፈለው፣ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አንቀጽ 2116 ነው። በዚያን ዘመን 1000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ በመተማ ገበያ አንድ ፍየል አትገዛም። የጠፋው ንብረትና የተቋረጠው ገቢ ግን በዚህ ገደብ ውስጥ አይገባም፤ እሱ በልኩ ይሰላል። ስለዚህ የጠፋባችሁን ስትቆጥሩ ሐዘኑን ለብቻ፣ ንብረቱን ለብቻ አድርጉት።

ወዲህ ያለንበት የሱዳን ሕግ ደግሞ ዲያን ያውቃል፤ የደም ካሳ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ ዲያን መቶ ግመል፣ ወይም በዚያው ልክ የሚተመን ገንዘብ ይለዋል። ሳይታሰብ ለጠፋ ነፍስ ከሆነ አጥፊው ብቻውን አይጠየቅም፤ «ዓቂላ» የሚባሉት የአባት ወገን ዘመዶቹ አብረው ይሸከማሉ፣ ኢንሹራንስም ቢሆን ይገባበታል። ይህ መንግሥት የሚከፍለው ካሳ አይደለም፤ ግን ለእኛ ሰው ቅርብ ስለሆነ ነው የማነሳው። ወንድማችሁ ከሰሊጥ እርሻ ሲመለስ ሎሪ ቢገጨው፣ ስደተኛ ነው ተብሎ ዲያው አይቀርም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 16 ለስደተኛ የፍርድ ቤት በር ክፍት ነው ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የሐዘን ድንኳን ውስጥ ሳላችሁ የዐረብኛ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር፣ ሳታስነብቡ አትፈርሙ። «ተናዙል» የሚል ከሆነ መብቴን ትቻለሁ ብላችሁ መፈረማችሁ ነው።

ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ። አጥፊው ቢያዝም ባይያዝም መንግሥት ከራሱ ካዝና ይክፈል የሚለው አሠራር በዓለም ላይ ብዙ ዕድሜ የለውም። ማርጀሪ ፍራይ የምትባል እንግሊዛዊት የማኅበራዊ ጉዳይ ተሟጋች ስለዚህ ነገር ስትከራከር የምታነሳው አንድ ጉዳይ ነበር። ሰውየው በድብደባ ሁለት ዓይኑ ጠፋ። ፍርድ ቤቱ 11,500 ፓውንድ ካሳ ፈረደለት። ሁለቱ ደብዳቢዎች ግን ድሆች ስለነበሩ እያንዳንዳቸው በሳምንት 5 ሽልንግ እንዲከፍሉ ሆነ። ልጆች፣ ደብተራችሁን አውጡና አብረን እናስላው። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው። ሁለቱ በሳምንት 10 ሽልንግ፣ ማለትም ግማሽ ፓውንድ ይከፍላሉ። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ በዓመት 26 ፓውንድ ይሆናል። 11,500ን ለ26 ስናካፍል 442 ዓመት! ዓይነ ስውሩ ሰው ካሳውን ጨርሶ ለመቀበል የማቱሳላን ግማሽ ዕድሜ መኖር ነበረበት።

ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ሞተች፤ ሐሳቧ ግን አልሞተም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ሕግ አወጣች፣ እንግሊዝ በ1964 ተከተለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1985 ባወጣው መግለጫ፣ ካሳው ከአጥፊው ሙሉ በሙሉ ካልተገኘ መንግሥታት ለመክፈል እንዲጥሩ አሳሰበ። «እንዲጥሩ» ነው ያለው። ይህችንም አስምሩባት።

አሜሪካም እንዲህ ያለ ነገር አላት፤ ወሬው ከዚያ ሳይነሳ አልቀረም። «የእገሌ ወንድም ሚኒሶታ ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመቶ መንግሥት የሕክምናውን ከፈለለት» የሚባለው ሊሆን የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ የተጎጂዎች ፈንድ አለ። ገንዘቡ ከሕዝብ ግብር ሳይሆን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው ወንጀለኞች መቀጮ የሚሰበሰብ ነው፤ ክፍለ ግዛቶቹ እየተቀበሉ ለተጎጂ ያከፋፍላሉ። የእኛን አንቀጽ 102 ይመስላል፤ ልዩነቱ የአንዱ ወንጀለኛ መቀጮ ለሌላው ወንጀለኛ ተጎጂ እንዲደርስ በአንድ ሣጥን መጠራቀሙ ነው። ይህ ግን እዚያ ለተፈጸመ ወንጀል ነው። ሽንፋ ላይ ለተዘረፈ ሰው ሚኒሶታ አይከፍልም። ሪሴትልመንት የሚጠብቁ ወገኖቼ ይህን ለይተው ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ታዲያ በጦርነት ቤቱን ጥሎ ለወጣ ሰው ካሳ ተከፍሎ ያውቃል? አንድ ጊዜ፣ በትልቁ ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ እዚያ ይሠራ የነበረው የውጭ አገር ሠራተኛ ሁሉ ሻንጣውን ሳይቀር ጥሎ ሸሸ። በሚቀጥለው ዓመት የጸጥታው ምክር ቤት የካሳ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ገንዘቡም ኢራቅ ከምትሸጠው ነዳጅ በመቶኛ እየተቆረጠ ነበር። አገር ጥሎ ለወጣ ሰው በነፍስ ወከፍ 2,500 ዶላር፣ ለቤተሰብ እስከ 5,000፤ ሌላ ጥያቄ የማያቀርብ ከሆነ ደግሞ 4,000 እና 8,000 ዶላር ተቆረጠለት። ኮሚሽኑ የመጨረሻውን ክፍያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲያጠናቅቅ ለአንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ጠያቂዎች 52.4 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሠላሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ እኛን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጥያቄው የሚቀርበው በየመንግሥታቱ በኩል ሆኖ ሳለ፣ የሚያቀርብለት መንግሥት የሌለው ሰው ግን ዩኤንኤችሲአርን በመሰሉ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በኩል እንዲያቀርብ ተፈቅዶ ነበር። ሁለተኛው፣ ያንን ቁርጥ ገንዘብ ለማግኘት የተጠየቀው ማስረጃ ቀላል ነበር፦ እዚያ እንደነበርክና በየትኛው ቀን እንደወጣህ የሚያሳይ ወረቀት። ቀኑን የሚያሳይ ወረቀት!

ቅር የሚያሰኘው ደግሞ የራሳችን ጎረቤት ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሲፈራረሙ የካሳ ኮሚሽንም አቋቁመው ነበር። በኩዌቱ ዓይነት ለእያንዳንዱ ተፈናቃይ ቁርጥ ገንዘብ መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። መንግሥታቱ ግን ከጥቂት የግለሰብ ጥያቄዎች በቀር በራሳቸው ስም ተካሰሱ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 161 ሚሊዮን ገደማና ለጥቂት ግለሰቦቿ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረደ። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚተርፈው አሥር ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዛላምበሳ ቤቱ ለፈረሰበት፣ ከአስመራ ወይም ከአዲስ አበባ ንብረቱን ጥሎ ለተባረረ ሰው እጅ የገባ ግን የለም። ካሳ በመንግሥት ስም ሲጠየቅ በመንግሥት ደረጃ እንደሚቀር ያየሁት ከዚህ ነው።

የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትስ? ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። በሱዳን በኩል ደግሞ ጉዳዩ የተመራለት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ለዳርፉር ብቻ ነው፤ ገዳሪፍን አይነካም። አሊ ኩሼይብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ጥፋተኛ የተባለውም በዳርፉሩ ጉዳይ ነው። መጠኑን ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በኮንጎው ካታንጋ ጉዳይ ለ297 ተጎጂዎች ለእያንዳንዳቸው 250 ዶላር የመታሰቢያ ካሳ ወስኗል፤ ሰውየው ደኸየሁ ስላለ የከፈለው የፍርድ ቤቱ የተጎጂዎች ፈንድ ነው።

በአገር ቤት በኩል ያለው የቅርቡ ነገር በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ነው። ተጎጂዎች ይካሳሉ የሚል ቃል አለበት። ፎርም ሻጮቹም ይህንኑ ቃል ከሬዲዮ ሰምተው ይሆናል። ፖሊሲ ግን ሐሳብ ነው፤ ካዝና አይደለም። ተመዝገቡ ብሎ እኛ ዘንድ የመጣ የመንግሥት አካል የለም። ቢመጣ በአደባባይ፣ በማኅተም፣ በኮሚቴው ፊት ነው እንጂ በማታ በየራኩባው እየዞረ ገንዘብ አይሰበስብም።

ይህን ሁሉ ለእናትየዋ በአጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያ የኔን አንተው ጻፍልኝ፤ ለማንም አትስጠው፣ ጻፈው ብቻ» አሉ። ደብተር አወጣሁ። ጀመሩ፦ 14 ኩንታል ሰሊጥ፣ ሁለት በሬ ከነስማቸው፣ አንድ ላም፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ቆርቆሮው ስንት ቅጠል እንደነበረ፣ አንድ የስፌት መኪና። ሁሉን ሳይሳሳቱ። የመጡበትን ቀን በበዓል አስታወሱት፤ «የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው» አሉኝ፤ እኔ ወደ ቀን ቆጠራ መለስኩት፣ ነሐሴ 13። ከዚያ ልጃቸው ላይ ደረስን። «እሱንስ ስንት ብለህ ትጽፈዋለህ?» አሉኝ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳየ፣ ማን እንደቀበረው ጻፍኩ። የዋጋውን መስመር አልሞላሁትም።

እንግዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ እገኛለሁ። ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የጽሕፈት ሥራውን ይረዱኛል፤ ጽሕፈታቸው ከእኔ ይሻላል። ክፍያ የለውም። ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፦ የስደተኛ መታወቂያና የራሽን ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሬት ደብተር፣ የሕክምና ወረቀት፣ የቤታችሁ ወይም የከብቶቻችሁ ፎቶግራፍ በስልክም ቢሆን። ወረቀት የሌለው ያየ ሰው ይዞ ይምጣ፤ ምስክሩ ስሙንና ጣቱን ያኖራል። ሁለት ቅጂ እንጽፋለን፣ ሁለቱም ከእናንተ ጋር ይቀራሉ፤ አንዱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከጣሪያው ሥር፣ ሌላውን ከምታምኑት ዘመድ ዘንድ። እኔ ዘንድ ቅጂ አይቀርም፤ የሴቶች ጉዳይ የሆነባችሁ ከእኔ ይልቅ ለሴት መምህራችን ልትነግሯት ትችላላችሁ፣ እሷም ሐሙስ ትኖራለች። ጭቃው ከበዛና መምጣት ያልቻለ አዛውንት ካለ በልጅ ላኩብኝ፣ እኔ እመጣለሁ።